ሆዱ የተከሰሰው ጉማሬ

"ተረት ተረት" ስላችሁ "የላም በረት" የምትሉ ሁሉ፣ ዛሬ አፍንጫችሁን ያዝ አድርጋችሁ መልሱልኝ፤ ተረቱ ሽታ አለው።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ወንዙም ጫካውም ስም ሳይወጣላቸው በፊት፣ አንድ ጉማሬ ነበር። ይህ ጉማሬ በሆዱ ምንም ነገር አያሳድርም። ከተናደደ ወንዙ እስኪናወጥ ይጮሃል፤ ካዘነ ዳር ላይ ቆሞ እንደ ሕፃን ይነፋረቃል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ወደ ውኃው ይወርድና ጀርባውን ሰጥቶ፣ ጅራቱን እያሽከረከረ፣ ሲግጠው ያደረውን ሣር ግራና ቀኝ ይበትነዋል። ሦስት ጊዜ ሳይተነፍስ ጉዳዩ ያልቃል። ዓሦች ያቺን ሰዓት አፋቸውን ከፍተው ይጠብቋታል፤ የወንዙ ሕዝብ ሁሉ የሚተዳደረው በጉማሬ ፋንድያ ነበርና። ነውር ነው የምትሉ ካላችሁ፣ ዓሣ ስትበሉ እንዳታስታውሱት ተጠንቀቁ።

አንበሳ አርጅቶ በሞተ ጊዜ እንስሳት በሾላው ሥር ተሰበሰቡ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ አለቅነቱ ለጉማሬ ተሰጠ። "የልቡን ይናገራል፤ ውስጥ ውስጡን አይሄድም" ተባለለት። እጁን ያላወጣ ጅብ ብቻ ነበር፤ ወንበሩን ለራሱ አስቦታል።

በነጋታው ሰጎን መጣች። ሰጎን የክብር ሹም ናት፤ አንገቷ ረጅም ስለሆነ የሁሉንም ነውር ከላይ ታያለች። ለአዲሱ አለቃ ሥርዓቱን አስረዳችው። አለቃ አይጮህም። አለቃ አያለቅስም። ሰው ቢሰድበው "እናየዋለን" ይላል እንጂ አፍ አይካፈትም። ጅራት ማሽከርከርማ ጭራሽ አይታሰብም፤ አለቃ ወግ ባለው ሁኔታ ከቁጥቋጦ ጀርባ ይሄዳል። ለደኅንነቱም ሁለት ከርከሮዎች ቀንም ሌትም ከጎኑ አይለዩም።

"ለዚያ ጉዳይ ስሄድም?" አለ ጉማሬ።

"በተለይ ያን ጊዜ" አለች ሰጎን። "ጠላት የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። እርስዎ ከእንግዲህ የራስዎ አይደሉም።"

ጉማሬ ሹመቱን ወዶታል፤ እውነቱን እንናገር። ስለዚህ እሺ አለ። በመጀመሪያው ቀን ጎሽ በወንዙ መሻገሪያ ጉዳይ ሊከራከር መጥቶ፣ ሲሸነፍ እናቱን ሰደበበት። "እናየዋለን" አለ ጉማሬ። በሦስተኛው ቀን ዝንጀሮ በጆሮዎቹ ማነስ ጉባኤውን አሳቀበት። "እናየዋለን" አለ። በአምስተኛው ቀን እህቱ በታችኛው ወንዝ መሞቷን መርዶ ነጋሪ ሹክ አለው። ስብሰባ ላይ ነበር። ጉሮሮውን ጠራረገና ወደ ሁለተኛው አጀንዳ አለፈ። ሰጎን በኩራት አየችው።

ከቁጥቋጦው ጀርባ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ጉማሬ ቦታውን ይይዛል፣ ሁለቱ ከርከሮዎች ግራና ቀኝ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ሊመጣ ሲል አንደኛው ያስላል። የመጣው ይመለሳል። ጅቡ በዚህ ሰዓት ምን እያሴረ ይሆን ብሎ ያስባል፤ ያን ጊዜ የተመለሰው ጭራሽ ይደርቃል። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት።

ጉሬዛ ሐኪም ተጠራ። የበላውን ጠየቀ፣ የጠጣውን ጠየቀ፣ ምላሱን አየ። እንዴት ሰነበቱ ብሎ ግን አልጠየቀም። ተልባ አጠጣው፣ ኮሶ ጋተው፣ በመጨረሻ አንድ ቅል ሙሉ የጉሎ ዘይት አንቆረቆረበት። ከዚህ ሁሉ የተገኘው ውጤት ነፋስ ብቻ ነው፤ እሱም በጉባኤው መካከል አመለጠው። ጉባኤው ጠንካራ የአቋም መግለጫ መስሎት ለረጅም ጊዜ አጨበጨበ። ቁራም በቃለ ጉባኤው አሰፈረችው።

በዘጠነኛው ቀን ጉማሬ ከወንዙ ዳር ተኝቶ ሲያቃስት አምባዛ ሪዙን አንጠልጥሎ ብቅ አለ። አምባዛ የዓሦች ሽማግሌና የጉማሬ የልጅነት ባልንጀራ ነው። ከስቷል። "እርስዎ" ለማለት የሚያበቃ አቅም አልተረፈውም።

"ልጆቼ ድንጋይ እየላሱ ነው" አለው። "ሣሩ ያው ሣር፣ ውኃው ያው ውኃ። ምን ነካህ?"

ጉማሬ ከርከሮዎቹን በዓይኑ ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኔ እንጃ። ይመጣል፤ እነዚህን ሲያይ ይመለሳል።"

"ጎሽ የሰደበህን ከዚህ ሆኜ ሰምቻለሁ። ንዴቱን የት አደረግከው?"

"ዋጥኩት።"

"የእህትህን ለቅሶስ?"

ጉማሬ አፍንጫውን ጭቃው ውስጥ ቀበረ።

"በል እንግዲህ" አለ አምባዛ። "መንገዱን የዘጋው ሣር አይደለም።" ይህን ብሎ ወደ ልጆቹ ሰመጠ።

ጉማሬ ነገሩ ገባው። ግን ማወቅ ሆድ ቢያለሰልስ ኖሮ፣ የሆድ ድርቀት ያለበት ሊቅ ባልተገኘ ነበር። ብጮህ ወንበሩን አጣለሁ፣ ወንበሩ ላይ ጅብ ይቀመጣል ብሎ ፈራ። ፍርሃቱንም እላዩ ላይ ዋጠው።

ሆዱ እንደ ነጋሪት ተነፋ። ጅብ የሚጠብቀው ይህንኑ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጉባኤ አስጠራና አለቃው የሕዝብ ሣር በልቷል ብሎ ከሰሰው። ከተፈረደበት ቅጣቱ ከወንዙ መባረር ነው። ጉማሬ ያለ ውኃ ፀሐይ ቆዳውን ሰንጥቃ ትገድለዋለች፤ ይህን የማያውቅ አንድም አልነበረም።

"ክቡራን" አለ ጅብ፣ "እኛ ከሳን፤ ዓሦች ከሱ፤ እሳቸው ብቻ ተነፉ። ሌላ ማስረጃ ምን ያስፈልጋል? ያልበላ ሆድ ይህን ያህላል?"

ጅብ ስለ ሆዳምነት ሲናገር ማንም አልሳቀም። ጉባኤ እንዲህ ነው። ጎሽ ራሱን ነቀነቀ፣ ዝንጀሮ ይባረር አለ፤ ጉሬዛ ሐኪም እንኳ የጉሎ ዘይቱን ነገር ሳያነሳ አንገቱን ደፋ።

ጉማሬ ከወንዙ ዳር ጀርባውን ለውኃው ሰጥቶ ቆመ። ከኋላው ዓሦች ያለ ድምፅ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ሰጎን አንገቷን ወደ ጆሮው አውርዳ፣ "እናየዋለን ይበሉ፤ ዝምታ ወርቅ ነው" አለችው። ወርቅ እንደሚከብድ ማንም አልነገራትም።

"እና..." አለ ጉማሬ። ቃሉ ጉሮሮው ላይ ቆመ። ሊውጠው ሞከረ፤ ታች ቦታ አልነበረም።

"አናየውም!" ብሎ ጮኸ። ሾላው ፍሬውን አረገፈ። "አንተ ጎሽ፣ እናቴ ባንተ አፍ የምትጠራ አይደለችም። አንተ ዝንጀሮ፣ የጆሮዬን ትተህ ቂጥህን ተመልከት። አንተም ጅብ፣ እዚህ ያለው ሁሉ የቀበረውን ሬሳ ማን እንዳወጣበት ያውቃል።" ከዚያ ድምፁ ተሰበረ። "እህቴ ሞታብኝ አጀንዳ አስቀጠላችሁኝ" አለና በጉባኤው ፊት አለቀሰ። ሲያምርበት ሳይሆን እንደመጣለት፣ ንፍጡን እያዝረበረበ አለቀሰ።

በለቅሶው መካከል ሆዱ አንድ ጊዜ አጉረመረመ። ከርከሮዎቹ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ሲጠብቁት ስለኖሩ ከሁሉ ቀድመው ገባቸው፤ ሮጡ። ሌላው ግን አልደረሰም። ጅራቱ መሽከርከር ጀመረ። የአሥራ ሁለት ቀን ሣር፣ ከነተልባው ከነጉሎ ዘይቱ፣ ግማሹ ወንዝ ግማሹ ጉባኤ ላይ ወረደ። ሰጎንን ቁመቷ አላዳናትም። ጅብ የፈለገውን ማስረጃ አፉን እንደከፈተ አገኘው። ቁራ ይህንን በቃለ ጉባኤ አላሰፈረችም። የአምባዛ ልጆች ግን በሉ፤ እስኪወፈሩ በሉ።

ጉማሬ ባዶ ሆዱን ይዞ ውኃ ውስጥ ገባ። ቀልሎት ነበር፤ እየሳቀ ተንሳፈፈ።

እንስሳቱም ተጠራርገው መከሩ። ሆዱ ውስጥ ከራሱ የአሥራ ሁለት ቀን ሣር በቀር የተገኘ ስለሌለ ከክሱ ነፃ ነው ተባለ። ሰጎንም ላባዋን እያራገፈች ወደ ዳሩ ቀረበችና ወንበሩ እንደሚጠብቀው ነገረችው፤ ቁጣውን ብቻ ትንሽ ቀነስ ቢያደርግ፣ ለቅሶውንም ጓዳ ቢያደርገው፣ ከርከሮዎቹም ሥራቸውን ቢቀጥሉ።

ከጉማሬ ከውኃው በላይ የሚታየው አፍንጫውና ትንንሽ ጆሮዎቹ ብቻ ነበሩ።

"ሌላ ሆድ ፈልጉ" አለ። "ስታገኙት ግን፣ ከላይ አፉን ዘግታችሁበት ከታች ለምን ተዘጋ ብላችሁ አትክሰሱት።"