ሐጂ ዩሱፍ ባሕር የወደቁ ዕለት

«አላውቅም» የምትለዋን ቃል ሐረር ውስጥ የሰማ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። እኔ ሃምሳ ሁለት ዓመት ኖሬባታለሁ፣ አልሰማሁም። እንግዳ ሆናችሁ ጀጎል ግቡና የአንድ ሰው ቤት ጠይቁ። የጠየቃችሁት ሰው ቤቱን ባያውቀውም፣ የባለቤቱን ስም ከእናንተ አፍ ገና መስማቱ ቢሆንም፣ «ቀጥ ብለህ ውረድ፣ አረንጓዴ በር ስታገኝ ወደ ግራ ታጠፍ፣ ከዚያ ጠይቅ» ይላችኋል። ክፋት እንዳይመስላችሁ። እንግዳን ባዶ እጁን መሸኘት ነውር ስለሆነ ነው። ግን «ከዚያ ጠይቅ» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። እርግጠኝነታችን እስከ መታጠፊያው ድረስ ነው፤ ከመታጠፊያው በኋላ ያለው የሌላ ሰው ኃላፊነት ነው።

እኔም የዚችው ከተማ ልጅ ነኝና ከዚህ አመል ነፃ ነኝ አልልም። እንዲያውም እንጀራዬ ነው። ሸዋ በር አጠገብ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ዲሽና መሰል ነገር የምጠግንባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ደንበኛ ዕቃውን ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጥ፣ ገና ክዳኑን ሳልፈታ «ይሠራል» እላለሁ። ዕቃውን በሕይወቴ አይቼው የማላውቅ ከሆነ ድምፄን ወፈር አድርጌ «ይሠራል» እላለሁ። ደግሞም አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው።

እንግዲህ አንድ ቀን ጠዋት ሐጂ ዩሱፍ አንዲት ካርቶን በነጠላቸው ጠቅልለው መጡ። ሐጂ መኪና ግርግር ላይ ጨርቅ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። መኪና ግርግር ማለት ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪናቸውን ደጅ ደርድረው ቀኑን ሙሉ የሚያንጣጡበት የጀጎል መንገድ ነው። እዚያ ከሐጂ የገዛኸውን ጨርቅ ሁለት እርምጃ ሳትሄድ ሱሪ ያደርጉልሃል። ሐጂ ካርቶኗን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና፣

«ታደሰ፣ ይቺን ለጀልባ አስተካክልልኝ» አሉኝ።

ለጀልባ! ሐረር ተራራ ላይ ያለች ከተማ ናት። እኔ በአቅራቢያዬ የማውቀው ትልቁ ውሃ የጎረቤቴ ሮቶ ነው፣ እሱም ሞልቶ አያውቅም። ቢሆንም ድምፄን ወፈር አድርጌ፣ «ይሠራል» አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሐጂ እህት፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጅቡቲ አግብታ እዚያው ኖራ እዚያው አረፈች። አንድ ልጅ ትታለች፣ ኢድሪስ ይባላል፣ ዓሣ አጥማጅ ነው። ሐጂ የራሳቸው ልጅ የላቸውም። ጀልባውን የገዙለት እሳቸው ናቸው፤ ኢድሪስም በእናቱ ስም ሐሊማ ብሎ ሰየማት። ባለፈው ዓመት ሐሊማ መሐል ባሕር ላይ ሞተሯ ቀጥ አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ንፋስ እንደፈለገ ወሰዳቸው። መርከቦች በሩቁ ያልፋሉ፣ እነ ኢድሪስ ሸሚዝ ያውለበልባሉ፣ የሚያይ የለም። በሦስተኛው ቀን አንድ የዓሣ ጀልባ በአጋጣሚ ደረሰባቸው።

ከዚያ ወዲህ ሐጂ ሌላ ሰው ሆኑ። ሐረር ላይ ንፋስ በነፈሰ ቁጥር ከሱቃቸው ወጥተው ሰማይ ያያሉ። የሐረር ንፋስና የባሕሩ ንፋስ እንደማይተዋወቁ ብነግራቸውም አልሰሙኝም። በመጨረሻ ማሉ፦ ወይ ጀልባዋን እዚሁ ተቀምጬ በዓይኔ አያታለሁ፣ ወይ ትሸጥና ኢድሪስ መጥቶ እኔ ዘንድ ጨርቅ ይለካል። ኢድሪስ ይህን ሲሰማ፣ «አጎቴ፣ ከጨርቁስ እስር ቤቱ ይሻለኛል» አለ። የአንድ ሰው ባሕር፣ የአንድ ሽማግሌ እንቅልፍ፣ ሁለቱም እዚያች ካርቶን ውስጥ ነበሩ።

በካርቶኗ ውስጥ ያለችው የጀልባ መከታተያ የምትባል ዕቃ ናት። መጽሐፍ የምታህል ሳጥን ናት፣ አንቴና አላት። ሥራዋ ሳታቋርጥ በሬዲዮ መለፈፍ ነው፦ ስሜ እገሊት ነው፣ እዚህ ነኝ፣ ወደዚያ እየሄድኩ ነው፣ ፍጥነቴ ይህን ያህል ነው። በአካባቢው ያለ መርከብ ሁሉ ይሰማታል፤ ወደብ ላይ ያሉ መቀበያዎችም ሰምተው ካርታ ላይ ያወጧታል፣ ካርታውን ደግሞ ማንም በስልኩ ያየዋል። ጀጎል ውስጥ ይህን ሥራ ጎረቤት በነፃ ይሠራዋል። ባሕር ላይ ግን ጎረቤት ስለሌለ ማሽን ፈጠሩ።

ሥራዬን እንዴት እንደጀመርኩ ብታዩ ትኮሩብኝ ነበር። አንቴናውን መጀመሪያ ጣሪያ ላይ ሰቀልኩ፤ ያለ አንቴና የበራ አስተላላፊ እንደሚቃጠል አውቃለሁና። የሞተር ሳይክል ባትሪ አመጣሁ፣ ላፕቶፔን አገናኘሁ። ትንሽ ቆይታ የሳተላይት ምልክት አገኘችና ስክሪኑ ላይ ወጣች፦ አንድ ጀልባ፣ ፍጥነቷ ዜሮ፣ ያለችበት ቦታ ሐረር።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደረሰች?» አሉ ሐጂ።

ከዚያ ማሽኗ መጠየቅ ጀመረች። የጀልባዋ ስም? ሞላሁ። የምትሠራው? ዓሣ ማጥመድ። ርዝመቷስ? ጅቡቲ ደውለን ኢድሪስን ጠየቅነው፣ በክንድ ነገረን፣ ወደ ሜትር መለስኩት። ቀጥሎ አንድ ባለ ዘጠኝ አኃዝ ቁጥር አምጣ አለች። ይህንንም ኢድሪስን ጠየቅነው።

«አላውቅም» አለ። «የወደብ ቢሮ ሄጄ ልጠይቅና ነገ ልደውልላችሁ።»

ልብ አላችሁ? ጅቡቲ ያደገ ልጅ ነው፣ አልፈርድበትም። እኔ ግን ሐረር ነኝ። ዘጠኝ አኃዝ፣ ዘጠኝ አኃዝ ብዬ አሰብኩና በራልኝ። መጀመሪያ ያለችውን ዜሮ ስትተዋት የስልክ ቁጥራችን ስንት ይሆናል? ዘጠኝ! ደግሞስ አንድ መርከብ የጀልባ ባለቤት ቢፈልግ በምን ያገኘዋል? በስልክ ነዋ! እንዲህ ያለ ውሃ የማያስገባ ሐሳብ ከመጣልኝ ቆይቶ ነበር። መመሪያ የሚባለው ወረቀት ካርቶኗ ውስጥ ነበር፤ አንቴናው እንዳይንቀጠቀጥ አጥፌ ሥሩ ሸጉጬዋለሁ።

የሐጂን ስልክ ሞላሁ። ዘጠኝ፣ ሰባት፣ ሁለት ብሎ የሚጀምር ነው፤ የቀረውን ልተወው። ማሽኗ አንድ ማስጠንቀቂያ አወጣች፦ ይህ ቁጥር የሚሞላው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ አይቀየርም፣ እርግጠኛ ነህ? «አዎ» የሚለውን ተጫንኩ። ደግማ ጠየቀችኝ።

«ምን ትላለች?» አሉ ሐጂ።

«እርግጠኛ ነህ ወይ ትለኛለች።»

«ምን አልካት?»

«ሐጂ! እኔን ነው የሚጠይቁኝ?» አልኩና ሁለተኛውን «አዎ» ተጫንኩት።

ሳጥኗ ወደ ጅቡቲ በሚሄድ ዘመድ እጅ ተላከች። ኢድሪስ እኔ በስልክ እየመራሁት ገጠማት። ባሕር በሚወጣበት ቀን ሐጂ ሱቅ ውስጥ ጣቃዎቹ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ሰፊዎቹም መኪናቸውን አቁመው በሩን ሞሉት። ሐጂ ስልካቸውን መሐል አድርገው ይዘዋል። ካርታው ላይ መርከቦቹ በቀለም በቀለም ትንንሽ ሦስት ማዕዘን ሆነው ይታያሉ። የኛዋ ግን ቀይ ክብ ናት፣ መሐሏ ላይ መስቀለኛ ምልክት አለባት።

«የኛ ለምን ተለየች?» አለ አንዱ ሰፊ።

«ትንሽ ስለሆነች ነው» አልኩ ሳልውል ሳላድር። «ትልልቆቹ እንዳይገጯት በቀይ ያሳያታል።»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ሐጂ «ማሻአላህ» ብለው ስክሪኑን በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉት። በዓመት ውስጥ እንዲህ ፊታቸው ሲፈታ ያየኋቸው ያን ዕለት ነው፤ እኔም ደስ ብሎኝ በኩራት ተነፋሁ።

ጥቂት እንደቆየን ከሦስት ማዕዘኖቹ አንዱ፣ ትልቁ፣ ዞር አለና ወደኛዋ መጣ። ከዚያ ሌላ አንድ ዞረ። «ዓሣ ሊገዙ ነው» አለ ሰፊው። «ይሆናል» አልኩ እኔ። ስልኩ ጮኸ። ኢድሪስ ነው፣ ሐጂ ድምፁን ከፍ አድርገው ለሁላችንም አሰሙት።

«አጎቴ፣ ማነው የወደቀው?» ይላል።

«የት የወደቀው?»

«እኔ ምን አውቄ! ፎቅ የሚያክል መርከብ አጠገባችን መጥቶ ቆሟል። ገመድ ወረወሩልን፣ ጎማ ወረወሩልን፣ ባሕር ውስጥ የወደቀው ሰው የታል ይሉናል። ቆጠሩን። ሦስት ነን አጎቴ፣ ሦስታችንም ደረቅ ነን!»

መርከቡ ላይ አንድ የመናዊ ነበርና ነገሩን ለኢድሪስ በዐረብኛ አስረዳው፣ ኢድሪስም በስልኩ ለኛ ነገረን። ያ ዘጠኝ አኃዝ ለካ የስልክ አይደለም፤ የወደብ ሹሞች ለእያንዳንዱ ጀልባ የሚሰጡት የሬዲዮ ቁጥር ነው። በዘጠኝ፣ ሰባት፣ ሁለት የሚጀምረው ደግሞ ለጀልባ አይሰጥም። የዓለም ባሕርተኞች ሁሉ ተስማምተው ያችን መነሻ ለአንድ ነገር ብቻ አስቀምጠዋታል፦ ባሕር ውስጥ ለወደቀ ሰው። ስለዚህ በዚያ አካባቢ ላለ መርከብ ሁሉ ሐሊማ የምትባል ጀልባ አልነበረችም። የነበረው እየሰጠመ ያለ አንድ ሰው ነው፣ የሰውየውም ቁጥር የሐጂ ስልክ ነው። ሐጂ ዩሱፍ መኪና ግርግር ውስጥ፣ ጣቃ ላይ፣ ጫማቸው ሳይረጥብ፣ ባሕር ወድቀዋል።

ሁሉም እኔን አየ። መልስ አጥቼ እንዳይመስላችሁ፣ ሦስት ነበረኝ፦ ኔትወርኩ ነው፣ ፋብሪካው ነው፣ መብራቱ ሲመጣ ሲሄድ ነው። ግን የሐጂን እጅ አየሁ። «የወደቀ ሰው» የሚለውን ሲሰሙ፣ የኢድሪስን ድምፅ እየሰሙ እንኳ ልጁ የሰጠመ መስሏቸው ነበርና ስልኩን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘውታል። አፈርኩ፤ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

«ሐጂ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። «ቁጥሩን አላውቅም ነበር። የማውቅ መስዬ ሞላሁት።»

ወጣች። አላውቅም የምትለዋ ቃል በአደባባይ ወጣች፣ መኪና ግርግር ሁሉ ምስክር ነው። ጀጎልም አልፈረሰችም።

ኢድሪስ ይቅርታ ጠይቆ ሳጥኗን አጠፋት። ካፒቴኑ ተቆጥቶ ሄደ፤ እውነቱን ነው፣ ላልወደቀ ሰው መንገዱን የለቀቀ መርከብ በማግስቱ ለወደቀውም ላይዞር ይችላል። እኔም ሐጂ አሁን ጀልባዋን ይሸጧታል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ስልኩን ጭናቸው ላይ አኖሩና፣

«ስንት መርከብ ነው የዞረው?» አሉኝ።

«ሁለት፣ ሐጂ።»

«አምና ሁለት ቀን ሙሉ አንድም አልዞረም» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ሌላ ሳጥን አስመጡ። ኢድሪስ ከወደብ ቢሮ ትክክለኛውን ቁጥር ማኅተም ያለበት ወረቀት ላይ አመጣ። እሱ በስልክ እያነበበ፣ እኔ እየሞላሁ፣ ሐጂ በጣታቸው እየተከተሉ ሦስት ጊዜ አመሳከርን። ማሽኗ እርግጠኛ ነህ ስትል እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳሁ፤ «ቢስሚላህ» ብለው «አዎ»ን የተጫኑት ሐጂ ናቸው። ዛሬ ሐሊማ ካርታው ላይ እንደማንኛዋም ጀልባ አንዲት ትንሽ ሦስት ማዕዘን ናት። ከወደቡ ስትርቅ ከስልኩ ላይ ትጠፋለች። ያኔ የት ናት ሲሉኝ «አላውቅም ሐጂ» እላቸዋለሁ። ይገርማችኋል፣ ከዚያ ወዲህ የምነግራቸውን ያምኑኛል።

የመጀመሪያዋን ሳጥን ኢድሪስ ወደ እኔ መልሷት ነበር፤ ቁጥሯ እንዲሰረዝ ለፋብሪካው ልልካት በፕላስቲክ ስጠቀልል ሐጂ ደረሱብኝ።

«አትላካት» አሉ። «የራሷን ባትሪ አብጅላት። ውሃ እንዳይገባት አድርገህ ዝጋት። ሳትበራ ኢድሪስ መቀመጫ ሥር ትቀመጥ። አስምዬዋለሁ፣ ወላሂ ብሏል፤ ሞተር ቢቆም አያበራትም፣ ቢርበው አያበራትም። ሰው ውሃ ውስጥ የገባ ለት ብቻ።»

«ሐጂ፣ ይፈቀድ አይፈቀድ አላውቅም» አልኩ። «ደግሞ ቁጥሩ ስሕተት እኮ ነው። የእርስዎ ስልክ ነው።»

ሐጂ ትክ ብለው አዩኝ።

«አቦ ታደሰ» አሉ። «ያ ልጅ ውሃ ውስጥ የገባ ለት አብሮት የሚወድቀው ማነው ታዲያ?»

ሃምሳ ሁለት ዓመት ሳላውቅ ስመልስ የኖርኩ ሰው፣ ያን ዕለት መልሱን እያወቅሁ ዝም አልኩ። ፕላስቲኩን አንስቼ ውሃ እንዳይገባት ሳጥኗ ላይ አንድ ዙር ጨመርኩላት።