ስብሰባ የተቀመጠው ጥንስስ

በደርግ ጊዜ በትእዛዝ የማይሆን ነገር አልነበረም። ተነሱ ሲባል እንነሳለን፣ አጨብጭቡ ሲባል መዳፋችን እስኪቀላ እናጨበጭባለን፤ ሰልፍ ውጡ ሲባል ደግሞ ዝናቡ እየወረደብን ከዊንጌት እስከ አብዮት አደባባይ እንጎርፋለን። አልታዘዝም ያለ አንድ ነገር ብቻ አውቃለሁ። የባለቤቴ ጥንስስ።

እናንተ ጠላ በጣሳ ቀርቦላችሁ ፉት ስትሉ ጣጣው የት ይታያችኋል! መጀመሪያ ጌሾና ብቅሉ በማሰሮ ይጠነሰሳል፤ ያ ጥንስስ ካልፈላ ድፍድፍ የለም፣ ድፍድፍ ከሌለ ጠላ የለም፣ ጠላ ከሌለ ደግሞ እንግዲህ ማኅበርተኛውን ምን ልታጠጡት ነው? ውሃ?

ጥሩወርቅን ባገባሁ በዓመቱ የእናቴ የማርያም ማኅበር ተራ ደረሰ። እናቴም "ዘንድሮ ምራቴ ትጠምቃለች" ብላ አወጀች። ነገሩ ክብር ይመስላል እንጂ ፈተና ነው። ከማኅበርተኞቹ መካከል እትዬ ዘነበች የሚባሉ ሴትዮ አሉ፤ አንዴ ጎንጨት ብለው ጣሳውን ዝም ብለው ካስቀመጡ ያቺ ጠማቂ አለቀላት፤ እስከ አዲሱ ገበያ ድረስ "እጇ ጠላ አያውቅም" እየተባለ ይወራባታል። ገዝቶ ማቅረብም አይታሰብ፤ እትዬ ዘነበች የሰፈሩን ጠላ ሁሉ ገና ሲቀምሱት ከማን ቤት እንደመጣ ይናገራሉ።

ወሩ ሐምሌ ነው። የጉለሌን ሐምሌ ያላየ ሰው ብርድ አውቃለሁ አይበል። ከሰል ጠፍቷል፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ በግድግዳችን ስንጥቅ ሰተት ብሎ ይገባል። ጥሩወርቅ ማሰሮውን በጋቢዬ ጠቀለለችው፣ እኔ በካፖርቴ አደርኩ። ብቅል ጨመረችበት፣ ለመነችው፣ ሰደበችው። ጆሮዋን አስጠግታ ብታዳምጥ፣ ጭጭ! "ወይኔ፣ ይሄ ነገር ካልፈላ ተዋርጄ ቀረሁ" ብላ ስታለቅስ አንጀቴን በላችው።

በዚህ ላይ የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። የቀረ ሰው ስኳሩንም ዘይቱንም ይርሳው። ልንወጣ ስንል ጥሩወርቅ ማሰሮውን ከነጋቢው ብድግ አድርጋ ታቀፈችው።

"የት ልትወስጂው ነው?"

"ስብሰባ ነዋ! ያ ሁሉ ሰው የሚታጎርበት አዳራሽ እኮ ይሞቃል።"

"አብደሻል እንዴ?"

"አንተ ዝም ብለህ በሩን ዝጋ።"

እውነቷን ነበር። አዳራሹ በትንፋሽና በረጠበ ልብስ ታፍኖ እንደ ወጥ ቤት ይሞቃል። በሩ አጠገብ ቦታ አገኘን። መፈክር ተብሎ ሁሉም ግራ እጁን ሲያነሳ የእሷ እጆች ማሰሮ ይዘዋል፤ እኔ የሁለታችንንም ድርሻ ጮህኩ። ሊቀመንበሩ ስለ ምርት ዘመቻ ተናገረ፣ ተናገረ፣ ተናገረና በመጨረሻ "ተቃውሞ ያለው ጓድ አለ?" ሲል ጠየቀ። አዳራሹ እንደ ወትሮው ጸጥ አለ።

ቡልቅ።

ወገኖቼ፣ በዚያ አዳራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው ተቃውሞ የወጣው ከሚስቴ ጭን ላይ ነው። ቡልቅ፣ ቡልቅ! ሊቀመንበሩ "ማነው የሚያጉረመርመው?" ብሎ ከመድረኩ ወረደና በቀጥታ ወደ እኛ መጣ። ጥሩወርቅ ጋቢውን ገለጥ አደረገችለት። ጎንበስ ብሎ አየው። አሸተተው። እኔ በልቤ ማርያምን እየጠራሁ ነው።

"እዚህ በሩ ጋ ብርድ አለ" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ "ወደ መሐል ግቢ።"

ከዚያም ወደ መድረኩ ተመለሰና "አንዳንድ ነጥቦችን ላብራራ" ብሎ ንግግሩን እንደ አዲስ ጀመረው።

የማኅበሩ ዕለት እትዬ ዘነበች የመጀመሪያውን ጣሳ ጨልጠው ሁለተኛውን ሲያስቀዱ እናቴ ብድግ ብላ ምራቷን ሳመቻት። "ልጄ፣ በዚህ ብርድ ምን አድርገሽ አፈላሽው?" ብለው እትዬ ዘነበች ቢጠይቋት ጥሩወርቅ መሬት መሬት እያየች ፈገግ አለች እንጂ አልተነፈሰችም።

እሷ አትተንፍስ እንጂ አዳራሽ ሙሉ ሰው አይቷል። ለሚቀጥለው ስብሰባ ቀደም ብለን ብንሄድ የመሐሉ አግዳሚ ወንበር ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሴቶቹ ሁሉ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈዋል። ትልቁን ማሰሮ ይዛ መሐል ላይ የተቀመጠችው የሊቀመንበሩ ሚስት ነበረች። እሱም ንግግሩን ከመጀመሩ በፊት ባለቤቱን በስርቆት አየት አደረገና፣ መስኮቶቹ ሁሉ እንዲዘጉ አዘዘ።