ደጅ የሚጠና ሹም

ዘመኑን በትክክል አላስታውሰውም፤ በፈረንጅ ሰማንያዎቹ ውስጥ፣ አሜሪካ፣ ሬንተን ከተማ ስኖር ነው። ምርጫ ደርሶ አንድ የስቴቱ ምክር ቤት አባል ዝናብ እየመታው በሬን አንኳኳና «ድምፅዎን ይስጡኝ» አለኝ። እናንተዬ፣ የሚለምን ሹም አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዜጋ አይደለሁም ብዬ ብነግረውም እጄን ጨብጦ «ችግር ካለ ቢሮዬ ይምጡ» ብሎኝ ሄደ።

ችግሩማ መጣ። በአበሻ አቆጣጠር የተጻፈው የልደት ቀኔ ከፈረንጁ አልገጥም ብሎ መንጃ ፈቃዴን አናድስም አሉኝ። ታክሲ ነጂ ነኝ፤ ያለ እሱ እንጀራ የለኝም። ሶ፣ ሙሉ ልብሴን ለብሼ የሰውዬው ቢሮ በር ላይ ቆምኩ። ሲገባም ሲወጣም እጅ ነሣሁ። ሹም ራሱ እስኪጠይቅ ዝም ብሎ መጠበቅ ወግ አይደል? እሱም ፈገግ ብሎ ያልፋል። በአራተኛው ቀን ጸሐፊዋ ፈርታ ፖሊስ ኮል ልታደርግ ስልክ አነሳች።

ደግነቱ ጎረቤቴ አስካለ እዚያው ሕንፃ ታጸዳ ነበርና ሮጣ ደረሰች።

«ጋሼ፣ ምን ነካዎት? እዚህ አገር እኮ ደጅ የሚጠናው እሱ ነው! ይግቡና ይንገሩት!»

ሰውዬው ሰምቶኝ ደብዳቤ ጻፈ፤ ፈቃዴም ታደሰ። አሁን ሳስበው፣ ያን ሁሉ ቀን በሩ ክፍት ነበር። በኋላ ዜጋ ስሆን እኔም መረጥኩት። እጄን ይዛ ያስገባችኝ ግን አስካለ ናት።