ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል

ሐረር ውስጥ ኮምፒውተር የሌለው ሰው ሞልቷል፤ ስለ ኮምፒውተር አስተያየት የሌለው ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። በተለይ ከቀትር በኋላ፣ ከተማው ምሳውን በልቶ፣ ጫቱን ታቅፎ፣ ትራስ ደገፍ ሲል ክርክሩ ይጦፋል። አንዱ ክሮም የሚባለው ብሮውዘር የማሽኑን ሜሞሪ ሠርግ ቤት እንደገባ እንግዳ ጠራርጎ እንደሚበላ ይናገራል። ሌላው ፋየርፎክስን፣ ቀበሮዋን ማለቱ ነው፣ ልጁን የሚያጋባት ይመስል ጨዋነቷን ይዘረዝራል። በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚጭን አንድ ሰውም አለን፤ በከተማው ብቸኛው ሳይሆን አይቀርም። ማንም ሳይጠይቀው ከቫይረስ ነፃ ስለመሆኑ ይሰብካል። ፕሪንተሩ ከማሽኑ ጋር ስለማይግባባ ግን ወረቀት ማተም ሲያምረው የሚመጣው ዊንዶውስ ካለን ሰዎች ዘንድ ነው። እኛም እናትምለታለን። ዝም ብለን ግን አይደለም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ባትጠይቁኝም እናገራለሁ፣ ምርጫዬ ዊንዶውስ ነው። ጥሩ ስለሆነ አይደለም፤ ስለተላመድን ነው። ሥራ አፍንጫዬ ድረስ ሲደርስ ጠብቆ "ራሴን ላድስ፣ እንዳታጠፋኝ" ማለቱን እንደ አንድ የቤተሰብ አባል አመል ተቀብዬዋለሁ። የእናንተም ቤት እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ ልትወጡ በር ላይ ስትደርሱ ገላዬን ልታጠብ የሚል።

በሰፈሬ የምታወቀው እንደ ኮምፒውተር ሐኪም ነው። ማዕረጉን ያገኘሁት ከዓመታት በፊት አንድ ቢሮ ውስጥ ሦስት ሰው ላብ በላብ ያደረገውን ፕሪንተር ሶኬቱን ሰክቼ ስላስነሣሁት ነበር። ዝናው ከዚያ ወዲህ በራሱ እግር ሄደ። ሕክምናዬም ብዙ ዓይነት አይደለም፤ መጀመሪያ ብሮውዘሩን እለውጣለሁ፣ ካልተሻለው ቫይረስ ነው እላለሁ፣ ካልሆነ በውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ ፎርማት አደርገዋለሁ። ስክሪኑ ላይ የሚመጣ መልእክት አላነብም። መልእክት ቆሞ የሚያነብ ጀማሪ ነው፤ ባለሙያ ብቅ ከማለቱ ይዘጋዋል። ይህን እምነቴን ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስበታለን።

ጋሽ ታፈሰ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት አገልግለው ጡረታ ሲወጡ ሸዋ በር አጠገብ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ከፈቱ። ማመልከቻ ሊያጽፍ ከሶፊም ከድሬ ጠያራም ድረስ ሰው ይመጣባቸዋል፤ እሳቸው የጻፉት ወረቀት "ይህ ይጎድለዋል" ተብሎ ከየትም ቢሮ አይመለስማ። ቀን የሌለበት ወረቀት እሳቸው ፊት ወረቀት አይባልም። የልጄን የልደት በዓል መጥሪያ እንኳ ሳስጽፍ ከላይ በቀኝ በኩል "ቁጥር" እና "ቀን" አስገብተውበት፣ ሕፃናቱ ለስብሰባ የተጠሩ መስሏቸው ነበር። አንድ ነገር ብቻ ይገርመኝ ነበር። ጳጉሜን በገባ ቁጥር ሱቁን ቆልፈው ይጠፋሉ። እንደ ብዙ ሰው ጠበል ይወርዳሉ ብዬ ዝም አልኩ።

ባለፈው ዓመት ግንቦት መጨረሻ ላይ በእኔ ጉትጎታ ኢንተርኔት አስገቡ። ሠራተኞቹ መጥተው ገመዱን ዘረጉ፣ በራሳቸው ስልክ ሞከሩት፣ አስፈርመው ሄዱ። ጋሽ ታፈሰም "ኢንተርኔት አለ" የሚል ወረቀት በራፋቸው ላይ ለጠፉ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ሊከፍቱት ቢሉ እምቢ አላቸው። ወረቀቱን ግን አላነሡትም። ኢንተርኔት መኖሩ እውነት ነው፣ ይከፈታል ብዬ የጻፍኩት የለም አሉ። ከመዝገብ ቤት ሰው ጋር በጽሑፍ ጉዳይ መከራከር ከንቱ ድካም ነው።

ሰኔ ውስጥ አንድ ዓርብ፣ ሰባት ሰዓት ገና እንዳለፈ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ታፈሰ ናቸው። ቶሎ ና፣ የቲቸር ሰላማዊት ነገር ነው አሉኝ።

ሰላማዊት የልጄ የፊዚክስ መምህርት ነበረች። ከደብረ ታቦር ተመድባ ስትመጣ ባሏና ሕፃን ልጇ እዚያው ቀሩ፤ አንድ ዓመት ነው የተባለው ሦስት ሆነ። ልጅቷ አራት ዓመት ሞልቷታል። "እናትሽ የታለች?" ሲሏት የአባቷን ስልክ በጣቷ ታሳያለች። ይህን ያጫወቱኝ ጋሽ ታፈሰ ናቸው፤ ሲያጫውቱኝ መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ ወልውለዋል። ሰላማዊት በየሳምንቱ ፈተናዋን ልታስጽፍ እሳቸው ጋ ትመጣ ነበር። ጽሑፉ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። እሷ ግን ሁለት ሰዓት ትቀመጣለች፣ እሳቸውም አጠናቀቅኩ አይሉም።

የዚያ ዓመት የመምህራን ዝውውር ምዝገባ በኢንተርኔት ብቻ ይሁን ተባለ። የመጨረሻው ቀን ያ ዓርብ ነው፤ የመጨረሻው ሰዓት ከቀኑ አሥራ አንድ። ቅጹ በስልክ ሲከፈት "ላክ" የምትለው ቁልፍ ከስክሪኑ ውጭ ትቀራለች። ፈረስ መጋላ ያለው ኢንተርኔት ቤት ለጁምዓ ተዘግቶ፣ ባለቤቱ ከሶላት ወደ ለቅሶ አልፏል። አቦከር ሰፈር ያለው ደግሞ መብራት የለውም። የቀረው በራፉ ላይ "ኢንተርኔት አለ" የሚለው የጋሽ ታፈሰ ሱቅ ነው።

ስደርስ ሰላማዊት ማስረጃዎቿን የያዘውን ፋይል ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጫፉን እየጠቀለለች እየፈታች ተቀምጣለች። ጋሽ ታፈሰ ቆመዋል። እኔ ሐኪሙ ገባሁ። "ማሽኑን የነካው አለ ወይ?" ብዬ ጠየቅኩ፤ የለም አሉኝ ጋሽ ታፈሰ። ክሮምን ከፈትኩት፤ አንድ ቀይ ነገር ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ ጋር ብቅ አለ፤ ዘጋሁት። እንደገና መጣ፤ እንደገና ዘጋሁት። "ብሮውዘሩ ነው" አልኩ፤ ስለ ክሮም ሆዳምነትም አጭር ንግግር አደረግኩ። ከፍላሽ ዲስኬ ቀበሮዋን ጫንኩ። እሷም የራሷን ጽሑፍ ይዛ ብቅ አለች፤ በጨዋነት ዘጋኋት። ኦፔራንም ሞከርኩ። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆነ።

"ቫይረስ ነው" አልኩ ቀጥዬ። ማጽጃውን ለቀቅኩበት። እኛ ሦስታችን ቁጭ ብለን አንዲት አረንጓዴ መስመር ስታዘግም እናያለን። ሕመምተኛው ምንም የለበትም አለ ማጽጃው፤ ማጽጃውንም ጠረጠርኩት። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ሰላማዊት የፋይሏን ጫፍ መጠቅለል መፍታቷን ቀጥላለች፤ እሷን ማየት ከበደኝ። እንግዲህ የቀረችኝ አንዲት መድኃኒት ናት። ፎርማት እናድርገው፣ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው አልኩ። ጋሽ ታፈሰ ፊታቸው ተለወጠ። በዚያ ማሽን ውስጥ የሦስት እድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የስንትና ስንት ሰው ሠርግ መጥሪያና ማመልከቻ አለ። ሰላማዊትን አዩ፣ ማሽኑን አዩ፣ "ይሁን" አሉ። እኔም ፍላሼን አወጣሁ። ወገኖቼ፣ ከዚያች ፍላሽ የተረፉ ሰነዶች ዛሬም ባዩኝ ቁጥር ይደነግጡ ይሆናል።

"ቆይ እስቲ" አለች ሰላማዊት። "ይኼ ጽሑፍ ምንድን ነው የሚለው?"

"ዝም ብሎ ነው" አልኳት። የባለሙያ መልስ ነው።

እሷ ግን የፊዚክስ ሰው ናት፤ ያዩትን መመዝገብ ልማዷ ነው። ወንበሯን አስጠግታ አንዴ በእንግሊዝኛ አነበበችው፣ ከዚያ በአማርኛ መለሰችልን። "ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል ነው የሚለው።"

ጋሽ ታፈሰ እጃቸውን አወናጨፉ። "ተይው እሱን። ኢንተርኔቱ ከገባ ጀምሮ እንዲያ እያለ ይሰድበናል። ፈረንጅ ስለ እኛ ሰዓት ያላለው ነገር ምን አለ? ንቄ ተውኩት እኮ።"

ዞር ብዬ የስክሪኑን ጥግ አየሁት። ሰዓቱ ዘጠኝ ከሩብ ይላል፤ ትክክል ነው። ወሩ አሥር ይላል፤ ሰኔ አሥረኛ ወር ነው፣ ትክክል ነው። ዓመተ ምሕረቱም ግድግዳው ላይ ካለው ካላንደር ጋር አንድ ነው። ሁሉ ነገር ትክክል ነው፤ ለእኛ። ኮምፒውተሩ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ሲያሰላው ገና ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ ቁጭ ብሏል። ድረ ገጾቹ ሁሉ መታወቂያቸውን ሲያሳዩት መታወቂያው ገና አልተሰጠም፣ የተሰጠበት ቀን አልደረሰም እያለ ከበር ይመልሳቸዋል። ጠንቃቃ ዘበኛ ነው እንጂ በሽተኛ አልነበረም። በሽተኛውስ ፍላሽ ይዞ ቆሟል።

ለካ ጋሽ ታፈሰ ማሽኑን የገዙ ዕለት የመጀመሪያው ደብዳቤ የፈረንጅ ቀን ይዞ ቢወጣባቸው፣ ተቀምጠው ቀኑንም ወሩንም ዓመቱንም ሰዓቱንም አንድ በአንድ አቅንተውታል። "በራሱ ይስተካከል" የሚለውንም አጥፍተውበታል፤ በራሱ ተስተካክሎ ነው እንዲህ የሆነው ብለው። የጥቅምት ሃያ ዘጠኝንና ሠላሳን ማሽኑ አላውቅም ይላቸዋል፤ በሁለተኛ ወር ሠላሳ ቀን የሚባል ነገር አያውቅምና። ጳጉሜን ሲመጣማ አሥራ ሦስተኛ ወር ከየት ያምጣ፤ ስለዚህ አጥፍተው ያሳርፉታል። የጠበሉ ነገር ይኸው ነበር። ለምን አልነገሩኝም ብላቸው በመገረም አዩኝ። "ማሽኑን የነካው አለ ወይ አልከኝ እንጂ ያቀናው አለ ወይ መቼ አልከኝ?"

እንግዲህ መፍትሔው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ቀኑን ወደ ፈረንጅ መመለስ። ይህን ስነግራቸው ጋሽ ታፈሰ ዝም አሉ። ዝምታው ረዘመ። እኔ የቸገራቸው የዘመን አቆጣጠሩ መስሎኝ፣ ለጊዜው ነው፣ ኋላ እንመልሰዋለን እያልኩ እንደ ሕፃን አባብላቸዋለሁ። ሰላማዊት ፋይሏን ይዛ ብድግ አለች።

"ጋሼ፣ ይተዉት። ሌላ ቦታ እሞክራለሁ።"

"የት ትሞክሪያለሽ?" አሉ። ማውሱን ከእጄ ወሰዱና ራሳቸው ተቀመጡ። ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን እየጠየቁኝ በዚያ ቀስ ባለ ጣታቸው አስገቡ። "ልጄ፣ ወንበሩን ሳቢ። ይኸው ተከፈተልሽ።"

ተከፈተ። ኢንተርኔቱ ያን ቀን ደግሞ ቀርፋፋ ነበርና አንዱን ማስረጃ ሦስት ጊዜ ጫንነው። አሥር ሰዓት ከአርባ ላይ "ላክ" የምትለው ቁልፍ እንደ ማንም ቁልፍ ስክሪኑ ላይ ቁጭ ብላ አገኘናት። ሰላማዊት ተጫነቻት፣ ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ጋሽ ታፈሰ ማረጋገጫውን አተሙላት። ከላይ የፈረንጅ ቀን ይዞ ወጣ። ብዕራቸውን አነሡ፣ በዚያ በመዝገብ ቤት እጃቸው ከጎኑ የእኛን ቀን ጽፈው ዓ.ም. ጨመሩበት። "አሁን ወረቀት ሆነ" አሉ።

በነጋታው ሄጄ ሰዓቱን በራሱ እንዲስተካከል አደረግኩት። ጋሽ ታፈሰም አልተቃወሙም። በማግስቱ ሳልፍ ግን ከስክሪኑ ታች በቀኝ በኩል፣ ልክ ማሽኑ ቀን የሚያሳይበት ጥግ ላይ፣ አንዲት ቁራጭ ወረቀት በፕላስተር ተለጥፋለች። በየማለዳው በአዲስ ትቀየራለች፤ የዕለቱ ቀን፣ ወር፣ ዓመተ ምሕረት ከነነጠብጣቡ። ከሥሯ ብሮውዘሩ የራሱን ቀን ይዞ ሥራውን ይሠራል፤ ከላይዋ ጋሽ ታፈሰ የራሳቸውን ይዘው ይኖራሉ። በሕይወቴ ያየሁት ምርጥ ሶፍትዌር ነው። አፕዴት ላድርግ ብሎም ማንንም አያስቸግርም።

ዝውውሩ ነሐሴ ውስጥ ወጣ፤ የሰላማዊት ስም አለበት። ልጄ በዚህ ነገር ውስጥ እጄ እንዳለበት ስትሰማ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ፊዚክስን ያስወደደቻት ሌላ አስተማሪ አልነበረማ። ሰላማዊት በሄደችበት ጧት ጋሽ ታፈሰ መናኸሪያ ድረስ ሸኟት፤ ሻንጣዋን ካልያዝኩ ብለው ከረዳቱ ጋር ሲሟገቱ አይቻለሁ። ነሐሴ ሃያ አራት ነበር።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ማመልከቻ ላስጽፍ ጎራ አልኩ። ጋሽ ታፈሰ ከሥራው በፊት ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አሳዩኝ። አንዲት ትንሽ ልጅ ጣቷን ቀስራለች። የቀሰረችው ወደ ስልክ አይደለም፤ አጠገቧ ወደ ተቀመጠችው ሰላማዊት ነው። ጋሽ ታፈሰ ስልኩን መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ዞሩ፣ ዓይኔም ወደ ጥጉ ወረቀት ሄደ። ነሐሴ ሃያ አራት ይላል። ጠርዙ ቢጫ ሆኗል፣ ፕላስተሩም አቧራ ይዟል። ሠላሳ ዓመት ቀን ሳይስቱ የኖሩ ሰው ናቸው።

"ጋሼ፣ ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል" አልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉና መጻፋቸውን ቀጠሉ።

ያን ጊዜ ነው ሰኔ ላይ ለምን ያን ያህል ዝም እንዳሉ የገባኝ። የቸገራቸው የዘመን አቆጣጠሩ አልነበረም። ማመልከቻዬን አትመው ሲሰጡኝ ከላይ በቀኝ በኩል የዕለቱ ቀን በትክክል ተጽፏል።