ምንም ያልተደረገለት መደብ

ሠርግ ቤት ስትጠሩ ምን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ? ማር። ያ ቤት ግን ከናንተ በፊት ማር ሞልቶታል። ማር ወደሌለበት ቤት ማር ይዞ የሚሄድ ሰው እስከዛሬ አላየሁም፤ ያያችሁ ካላችሁ አሳዩኝ። «ያለው ማማሩ» ይባል የለ! የዕውቀትም ነገር እንዲሁ ነው። የምርምር ገንዘብ የሚሰጠው ተመራማሪ ላለው አገር ነው፤ ተመራማሪ የሚያፈራው ደግሞ ገንዘብ ያገኘ አገር ነው። ሌላው ደጅ ቆሞ ያያል።

እኛ ደጅ ከቆሙት ነበርን። በጃንሆይ ዘመን ግን አዲስ አበባ ካሉት ሹማምንት አንዱ ምን እንደታየው እንጃ፣ ምርምር ላልደረሰባቸው አውራጃዎች አቅም ማደርጃ የሚሆን ገንዘብ አስመደበ። እኛም ዘንድ ደረሰ። ሆሳዕና ውስጥ ያኔ የእርሻ ትምህርት የቀመሰና ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ሰው ተፈልጎ እኔ ተገኘሁ፤ ጊዜያዊ ሠራተኛ ተብዬ ተቀጠርኩ። የምሠራው የድንች ማዳበሪያ ሙከራ ካማረ ቋሚ የምርምር ጣቢያ ይሠራል፣ እኔም ቋሚ እሆናለሁ፤ ካላማረ ጣቢያውም እኔም የለንም።

ሞርሲቶ አጠገብ አቶ ሎምበቦ የሚባሉ ደግ ገበሬ መሬት ሰጡን፤ አራት መደብ አውጥቼ ድንች ተከልኩ። ለመጀመሪያው ከከተማ የመጣውን ነጭ ማዳበሪያ ጥቂት፣ ለሁለተኛው መጠነኛ፣ ለሦስተኛው በርከት አድርጌ ሰጠሁ። አራተኛው ምንም አይደረግለትም፤ ማወዳደሪያ ነው።

ጠዋት ጠዋት በበቅሎ ስመጣ አገሩ ሁሉ ጭጋግ ነው። ከእንሰቱ ቅጠል ላይ ጤዛው ጠብ ጠብ ይላል፣ ላሞቹ አይታዩም፣ ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማል። እኔም መደቦቹ ዳር ቆሜ ጣቢያዬን አያለሁ። ባለመስታወት መስኮት ነጭ ቤት። የፎንቆ ሰው የበሰበሰ ድንች፣ የአንጋጫ ሰው የታመመ እንሰት ቅጠል ይዞ ደጄ ተሰልፏል፤ እኔ መነጽሬን እየወለወልኩ «እስቲ ልየው» እላለሁ። መነጽር እንኳን አልነበረኝም! ጭጋጉ ሲገለጥ ከፊቴ የምትቆመው የአቶ ሎምበቦ ቡላ ላም ነበረች።

እንዲህ ስባዝን ነው አራተኛው መደብ እየለመለመ መጥቆር የጀመረው። ቅጠሉ ሰፋ፣ ግንዱ ወፈረ። አይቻለሁ፤ አላየሁም ብል እግዜር ይቆጥርብኛል። ግን «መሬቱ ይሆናል» ብዬ አለፍኩት፤ ጥያቄ ከሕልም ይቀሰቅሳላ።

ድንቹ ሲደርስ ሙከራውን የሚመረምሩ ባለሥልጣን ከአዲስ አበባ በላንድሮቨር መጡ። መንደርተኛው ወጥቶ ከበበን። ድንቹ እየተማሰ ተመዘነ። አንደኛው ደህና፣ ሁለተኛው የተሻለ፣ ሦስተኛው ያማረ። አራተኛው ሲቆፈር ግን ቅርጫቱ አልበቃ አለ፤ ሕፃን ልጅ የሚያህል ድንች!

«ይህኛው ምንም ያልተደረገለት ነው ያልከኝ?» አሉ መርማሪው።

«አዎን ጌታዬ» አልኩ።

ከሰዉ መሀል የአቶ ሎምበቦ ባለቤት እትዬ ወርቅነሽ ወጡ። «ጌታው፣ እሱን አትቆጡት፣ እኔ ነኝ። ይሄ ልጅ ለሦስቱ ሰጥቶ አንዱን ሲያልፈው አየሁ። ረስቶት ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልሰጠውም። ከእንሰቴ እየቀነስኩ ማታ ማታ ፍግ አበላሁት። ታዲያ እያየሁ ዝም ልበል?»

ሰዉ «እውነቷን ነው» አለ። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

መርማሪው መልካም ሰው ነበሩ፣ አልተቆጡም። «እናቴ፣ አንዱ ሳይሰጠው መቅረት አለበት። የተሰጣቸው ምን ያህል እንደተጠቀሙ የምናውቀው ያኔ ነው» ብለው አስረዷቸው።

እትዬ ወርቅነሽ አሰብ አደረጉ። «ገባኝ። ታዲያ ለቀረው የሚሰጠው መቼ ነው?»

መርማሪው ደብተራቸውን አገላበጡ። እዚያ ላይ አልተጻፈም መሰለኝ፣ ዘግተው ወደ መኪናቸው ሄዱ።

ደብዳቤው ከወራት በኋላ መጣ። ውጤቱ የማያስተማምን ሆኖ ስለተገኘ፣ አካባቢውም ምርምር ለማካሄድ አቅም የሌለው ስለሆነ፣ ለአቅም ማደርጃ የተመደበው ገንዘብ አቅም ወዳለው ሥፍራ እንዲዛወር ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አቅም እንዲኖረን የመጣ ገንዘብ አቅም ስለሌለን ተመለሰ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። አልደብቃችሁም፣ አለቀስኩ።

በበነጋው ሞርሲቶ ሄጄ ነገርኳቸው። እትዬ ወርቅነሽ ፍግ ሊያወጡ ቅርጫት ይዘው ነበር፤ አስቀመጡት።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁብህ?»

አዎ ልል ነበር። ነገር ግን ከከተማ በመጣው ነጭ ዱቄትና ከጓሮ በወጣው ፍግ መካከል የቱ እንደሚበልጥ በሚዛን ያሳዩን እሳቸው መሆናቸው ትዝ አለኝ፤ ይህን ግን ማንም አልጻፈውም።

«እትዬ፣ በአውራጃችን የተመራመሩት እርስዎ ብቻ ነዎት» አልኳቸው።

ፊቴን ትክ ብለው አዩኝ። የተናደድኩ መስሏቸው ይሁን አዝነውልኝ እስከዛሬ አላውቅም፣ ቅርጫቱን ወደኔ ገፋ አደረጉት። «እንግዲያው እንሰቱ ተርቧል፤ የእሱን ድርሻ ነው ለድንችህ የሰጠሁት። ና አግዘኝ።»

ቋሚ ሥራ ስላልነበረኝ ተሸከምኩ።