በፈንታሁን ፈንታ

በእኛ አገር ቀብር መቅረት ቀርቷል። ፎቶ ቤት እስካለ ድረስ ማንም ሰው ማንንም መቅበር ይችላል። "እግዜር ያጽናችሁ" ማለት ድሮ ነበር፤ ዛሬ "ፋይሉን ላክልኝ" ነው።

ካላመናችሁ ይህን ፎቶ እዩ። ደብረ ኤልያስ፣ እማሆይ ብርሃኔ በተቀበሩ ዕለት፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ከመቃብሩ አጠገብ የተነሣ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ልቁጠርላችሁ። ጃንጥላ የያዙት ቄስ ሞላ ናቸው። ቀጥለው የቆሙት የሟች ልጅ፣ የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ጥበቡ። ከዚያ እኅታቸው እትዬ ጥሩዬ። ከእሳቸው ቀጥሎ የመሪጌታ ልጅ ብርቱካን። በመጨረሻ፣ ከቀኝ ጫፍ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ የቆመው የአጎቴ ልጅ ስመኘው ነው። ከእግሩ ሥር የተኛ ውሻ አለ፤ ስሙን አላውቅም። እኔ አልታይም፤ ያነሣሁት እኔ ነኝ። የረሳሁት ሰው ካለ፣ በዕለቱ የነበራችሁ ጨምሩበት…

የለም፣ ተዉት። ጣጣው ሁሉ የመጣው በመጨመር ነው። ስመኘው በዕለቱ እዚያ አልነበረም።

የት ነበር አትሉም? ደብረ ማርቆስ፣ ልብስ ሰፊ ቤት። ለጓደኛው ሚዜ ሊሆን ሱፍ እያስለካ ነበር። እንግዲህ ይህ ሰው ብርቱካንን ሊያገባ ሽማግሌ ልኳል። መሪጌታ "ይሁን" ሊሉ ጥቂት ሲቀራቸው ነው እናታቸው ያረፉት። የእኛ ሰው ብዙ ነገር ይቅር ይላል። ድንበር የገፋ ይታረቃል፤ የተሳደበም ድንጋይ ተሸክሞ ይማራል። ቀብር የቀረ ግን ሞቶም አይረሳለትም። መሪጌታ ለሽማግሌዎቹ አንዲት ቃል ብቻ ነገሯቸው፦ "እናቴን ያልቀበረ ልጄን አያገባም።"

ስመኘው ምን ብሎ ቢልክ ጥሩ ነው? "ነበርኩ፤ ከኋላ ቆሜ ነው።"

"እንግዲያው ለአርባው ፎቶው ታጥቦ ይመጣ የለ፤ እናየዋለን" አሉ መሪጌታ።

በማግስቱ ስመኘው ፎቶ ቤቴ መጣ።

"ወንድሜ፣ አስገባኝ።"

"የት?"

"ቀብሩ ውስጥ።"

"ሰው ቀብር ውስጥ የሚገባው አንዴ ነው" አልኩት።

አልሳቀም። "ተው እንጂ፣ ለአንተ እኮ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።"

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያናደደኝ ውሸቱ አይደለም፣ አምስት ደቂቃው ነው። ይህን ሙያ ማንም አላስተማረኝም፤ እያበላሸሁ ለብቻዬ ነው የተማርኩት። የከተማችን ባለሙያዎች ሙሽሮችን ከፏፏቴ ፊት ሲያቆሙ ፀሐይ ለሙሽራው ከግራ፣ ለሙሽራዋ ከቀኝ ትወጣለች። አንዱ ደግሞ ዲያቆኑን ገልብጦ መስቀሉን በግራ እጁ አስጨበጠው። እኔን ከእነዚህ ጋር ደምሮ አምስት ደቂቃ ይለኛል። "አላደርገውም" ማለት ሲገባኝ "እንዴት እንደሚሠራ ላሳይህ" አልኩት። ሞኝን በሙያው ነው የሚይዙት።

ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ከስመኘው ፎቶዎች ጥርሱ ያልታየበት አንድም የለም። ስለዚህ አፉን ከመታወቂያው ላይ ወሰድኩ፤ መታወቂያ ላይ ያላዘነ ሰው አይቼ አላውቅምና። በሐዘን ነጠላ የሚለበሰው ተዘቅዝቆ፣ ጥለቱ ወደ ላይ ሆኖ ነው፤ አዘቀዘቅኩለት። ጥላውን ከቄስ ሞላ ጥላ ጋር አስተካከልኩ፤ ጃንጥላቸውን አይደለም፣ መሬት ላይ የወደቀውን ማለቴ ነው። የጫማውን ጭቃ እንኳ ከእትዬ ጥሩዬ ጫማ ነው የተዋስኩት።

የቀረው የሚቆምበት ቦታ ነው። በቀኝ ጫፍ አያ ፈንታሁን ነበሩ። አያ ፈንታሁን በአካባቢው ቀብር ቀርተው የማያውቁ፣ የእማሆይንም መቃብር የቆፈሩ ሰው ናቸው። እኔ "አትንቀሳቀሱ" ስል እሳቸው ድንጋይ ሊያስተካክሉ ፊታቸውን ወደ መቃብሩ መልሰው ነበርና ብዥ ብለው ወጡ። የሚሠራ ሰው ፎቶ ላይ ብዥ ይላል፤ ጥርት ብሎ የሚወጣው ሥራ የሌለው ነው። እኔ ደግሞ ብዥ ያለ ነገር አልወድም። ስመኘውን በእሳቸው ላይ አቆምኩት። መሬት ላይ የተተከለች አካፋቸው ግን ጥርት ብላ ነበር። እጀታዋ ላይ የተጠመጠመው ሽቦ ሳይቀር ይቆጠራል። ማጥፋቱ አሳሳኝና ተውኳት።

የአርባው ተዝካር ዕለት ፎቶው ዳሱ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ መሪጌታ ዘንድ ደረሰ። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት።

"እውነትም ቆመሃል" አሉት ስመኘውን። እዚህ ላይ ዝም ቢል ኖሮ ዛሬ ባለትዳር ነበር። "ይህች አካፋስ?" ሲሉ ጠየቁት መሪጌታ።

"አፈሩን የመለስኩት እኔ ነኝ፣ የኔታ። ድንጋዩንም የደረደርኩ እኔው ነኝ። አያ ፈንታሁን ደከማቸውና ተቀበልኳቸው።"

አያ ፈንታሁን ፊት ለፊት ተቀምጠው ጠላ ይጠጣሉ። ዋንጫቸውን አስቀምጠው ተነሡ።

"ለቀባሪው አረዱት አሉ…" እያሉ ፎቶውን ተቀበሉ። "አካፋዋ የእኔ ናት። ሽቦውንም ያሰርኩት እኔ ነኝ። እኔሳ የት ሄድኩ?"

ብርቱካን በትከሻቸው ላይ አንገቷን አስግጋ አየች። "እንዲህ ተጠግተኸኝ ነበር እንዴ?" አለችው ስመኘውን። "እኔ ያኔ የሸተተኝ የአያ ፈንታሁን ላብ ነው፤ ሽቶ አይደለም።"

መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ ያነሣኸው አንተ ነህ። ተናገር።"

ስለ አፉ፣ ስለ ነጠላው፣ ስለ ጥላው የምናገረው ብዙ ነበረኝ። ከአፌ የወጣው ግን "ብዥ ብለው ነበር" የሚል ብቻ ነው።

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። "በፈንታሁን ፈንታ ስመኘው ቆመ። እኔም ያን ዕለት ስመኘው ነበር፤ አልመጣም እንጂ። ያልመጣው ቆሞ፣ ቀባሪው ተቀበረ።"

ከዳሱ ጥግ የቅኔ ተማሪዎቻቸው "ይበል" አሉ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። "የልጆቹስ ነገር እንዴት ይሁን፣ መሪጌታ?"

"ብርቱካን፣ ጉርድ ፎቶ ይዘሻል?"

ለምን ብላ አልጠየቀችም፤ አባቷን ታውቃለች። ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻቸው። እሳቸውም ለእኔ አቀበሉኝ።

"ለእናቴ ቀብር በፎቶ ደርሶልኛል፤ ሠርጉንም በፎቶ ይደግስ። አንተው አጋባቸው።"

"የኔታ፣ ይቺ እኮ ጉርድ ናት" አለ ስመኘው።

"ሙሉዋማ ለሙሉ ሰው ናት" አሉት።

በመኪና ስንመለስ ስመኘው ፎቶዋን ከእጄ ወስዶ እያየ፣ መንገዱን ሁሉ ትንፍሽ አላለም። አፈረ፣ ገባው ብዬ ላዝንለት ጀምሬ ነበር። ማርቆስ ልንገባ ስንል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ጉርድ መሆኑ አያሳስብህ" አለኝ። "ታችኛውን ከሌላ ሴት ትቀጥልበታለህ።"