እምቢ የማለት ሥራ

[ሰሜን እንግሊዝ፣ ባርንስሊ ከተማ። ሰውን ያለ ፈቃዱ የአእምሮ ሆስፒታል የማስገባቱ ሕግ ከተለወጠ ገና ዓመት አልሞላውም። ዊልፍሬድ ሃርግሪቭ ጡረታ የወጣ ሶሻል ወርከር ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያስገባ ኖሮ ዛሬ ተራው የራሱ ሆኗል። ልትመረምረው የመጣችው ግሌኒስ የሆስፒታሉ ነርስ ነበረች። ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ወንበር አለ። ሁለቱ ሰዎች በር አጠገብ ያለውን ወንበር ይዘው ቆመዋል፤ እሱ መደገፊያውን፣ እሷ የወንበሩን ክንድ።]

ዊልፍሬድ፦ ልቀቂው ብያለሁ ሲስተር።

ግሌኒስ፦ ሚስተር ሃርግሪቭ፣ ያኛው እኮ ይሻላል። ትራስ አለው።

ዊልፍሬድ፦ በር አጠገብ ያለው የመርማሪው ነው። ነገር ከተበላሸ ሮጦ የሚወጣው እሱ ነው።

ግሌኒስ፦ እኔም የምልዎት እሱን ነው። መርማሪዋ እኔ ነኝ።

ዊልፍሬድ፦ አንቺ ነርስ ነሽ። ሶሻል ወርከሩ የት አለ?

ግሌኒስ፦ አይመጣም።

ዊልፍሬድ፦ ታሞ ነው?

ግሌኒስ፦ ደህና ነው። ሕጉ ተለወጠ። አሁን ነርስም ከሠለጠነች ትወስናለች፣ ትፈርማለች።

ዊልፍሬድ፦ ነርስ መርፌ ነው የምትወጋው።

ግሌኒስ፦ እሱንም እችላለሁ።

[ዊልፍሬድ በር አጠገብ ይቀመጣል። ግሌኒስ ትራስ ያለው ወንበር ውስጥ ትሰምጣለች።]

ዊልፍሬድ፦ በይ ጀምሪ።

ግሌኒስ፦ እሺ። ስምዎን...

ዊልፍሬድ፦ መታወቂያ።

ግሌኒስ፦ የእርስዎን?

ዊልፍሬድ፦ ያንቺን። መጀመሪያ መታወቂያሽን ታሳዪኛለሽ። ቀጥሎ ለምን እንደመጣሽ ትነግሪኛለሽ። ከዚያ አብሮኝ የሚቀመጥ ሰው እፈልግ እንደሆነ ትጠይቂኛለሽ። ማነው ያሠለጠነሽ?

ግሌኒስ፦ [መታወቂያዋን እያሳየች] አብሮዎት የሚቀመጥ ሰው ይፈልጋሉ?

ዊልፍሬድ፦ የት ይቀመጣል? ያለው ሁለት ወንበር ነው።

ግሌኒስ፦ [ትጽፋለች] አይፈልጉም። የመጣሁት እንግዲህ ሁለት ዶክተሮች አይተውዎት ሆስፒታል ይግቡ ስላሉ ነው።

ዊልፍሬድ፦ ወጣቱን ዶክተር ያየሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ቀኑ ስንት ነው አልኩት። ስልኩን አወጣ። ፈተናውን ወደቀ።

ግሌኒስ፦ «ሐኪሙን ለመመርመር ሞከሩ» ብሎ ጽፏል።

ዊልፍሬድ፦ ሞከሩ? ጨርሼዋለሁ።

ግሌኒስ፦ አውቶቡስ አስቁመው የጠየቁት ሹፌርስ?

ዊልፍሬድ፦ ድምፅ ይሰማሃል ወይ ብዬ በትሕትና ጠየቅኩት። አዎ፣ ከኋላዬ ሆነው ዘገየህ ይሉኛል አለኝ። አንቺ ብትሆኚ ዝም ትያለሽ?

ግሌኒስ፦ ተሳፋሪዎቹ ናቸው እኮ።

ዊልፍሬድ፦ እሱን እያጣራሁ ሳለሁ ነው ፖሊስ የጠሩብኝ።

ግሌኒስ፦ ጎረቤትዎ ሚስስ ክላግም ከሰዋል። የድሮ የሥራ መታወቂያዎን አሳይተው ሆስፒታል እንደሚወሰድ ሰው መብቴን ዘረዘሩልኝ ይላሉ።

ዊልፍሬድ፦ ዝናብ እየዘነበ ልብስ ታሰጣለች። ጤነኛ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርግ?

ግሌኒስ፦ ስጀምር ፀሐይ ነበር፣ ዝናቡ የመጣው እሳቸው መብቴን ሲዘረዝሩ ነው ብለዋል።

ዊልፍሬድ፦ መብት ባጭሩ አይነገርም። [በመስኮት ያያል] ያ አምቡላንስ ማንን ሊወስድ ነው?

ግሌኒስ፦ እርስዎን። ካስፈለገ።

ዊልፍሬድ፦ ሳትወስኚ አምቡላንስ ጠራሽ? ይሄ ነውር ነው ሲስተር። አምቡላንስ በር ላይ ከቆመ በኋላ ማን ነው እምቢ የሚለው?

ግሌኒስ፦ ሁልጊዜ ስለሚያረፍድ ቀደም ብዬ ጠራሁ። ዛሬ በሰዓቱ መጣ። እኔም ግራ ገባኝ።

ዊልፍሬድ፦ [ከመስኮቱ ዞር ብሎ] እኔም ቀደም አድርጌ ነበር የምጠራው። ቀጥይ።

ግሌኒስ፦ ጨረስኩ መሰለኝ።

ዊልፍሬድ፦ ድመቷን ረሳሽ።

ግሌኒስ፦ ድመት አለዎት?

ዊልፍሬድ፦ የለኝም። መጠየቅ ግን ግዴታሽ ነው። ሰውየው ሲወሰድ ቤት የቀረችውን ድመት ማን ያበላታል?

ግሌኒስ፦ [እየጻፈች] ድመት፣ የለም።

ዊልፍሬድ፦ ማን ያበላታል?

ግሌኒስ፦ የለችም አሉኝ እኮ።

ዊልፍሬድ፦ ነቅተሽ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው። አየሽ ሲስተር፣ ጥላቻ የለኝም። ይሄ ሥራ ለሶሻል ወርከር የተሰጠው በምክንያት ነው። ዶክተር በሽታ ያያል። ዶክተሩን ፊት ለፊት እምቢ የሚል ሰው ያስፈልጋል። ነርስ ደግሞ ዶክተር ሲገባ ከወንበር ትነሳለች።

ግሌኒስ፦ የምነሳው ወንበሩን ስለሚወስዱት ነው።

ዊልፍሬድ፦ እንሞክር። እኔ ዶክተር ነኝ እንበል። [ድምፁን ያጎረንናል] ሲስተር፣ ይሄን ሰውዬ አስገቢው፣ እዚህ ጋ ፈርሚ።

ግሌኒስ፦ እሺ ዶክተር።

ዊልፍሬድ፦ ይኸው።

ግሌኒስ፦ አመለጠኝ። እንደገና ይበሉኝ።

ዊልፍሬድ፦ ሲስተር፣ ፈርሚ።

ግሌኒስ፦ እሺ... ማለቴ፣ እስክሪብቶ የለኝም።

ዊልፍሬድ፦ እምቢ ማለት ይሄ ነው?

ግሌኒስ፦ መንገዱን ጀምሬዋለሁ።

ዊልፍሬድ፦ እንግዲህ አለቀልኝ። ሻንጣዬ መኝታ ቤት ነው።

ግሌኒስ፦ አዘጋጅተው ነበር?

ዊልፍሬድ፦ ፒጃማ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ሬዲዮ። ዋርዱ ውስጥ የሚያስፈልገውን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። [ድምፁ ይለወጣል] ያ በር ከኋላ ሲቆለፍ የሚያሰማውን ድምፅም አውቀዋለሁ። እኔ ሁልጊዜ ከውጭ በኩል ነበርኩ። እፈራዋለሁ ሲስተር።

ግሌኒስ፦ ትናንት ምን በሉ?

ዊልፍሬድ፦ የሥጋ ፓይ። ራሴ ጋገርኩት። ምነው?

ግሌኒስ፦ ከማን ጋር?

ዊልፍሬድ፦ ከሬዲዮ ጋር።

ግሌኒስ፦ እንቅልፍስ?

ዊልፍሬድ፦ እተኛለሁ። የሚከብደኝ ቀኑ ነው። ሚስቴ ሂልዳ እያለች ከሥራ ስገባ ዛሬ ማንን አየህ ትለኝ ነበር። ከሞተች ወዲህ የሚጠይቀኝ የለም፣ የምነግራትም የለኝም። እኔ ደግሞ ሰው ከመጠየቅ በቀር ሌላ ነገር አልችልም። መታወቂያዬን አንገቴ ላይ ሳደርግ ሰዉ በር ይከፍትልኛል።

ግሌኒስ፦ ሚስስ ክላግም ከፈቱልዎት።

ዊልፍሬድ፦ ሻይም ሰጥታኝ ነበር። መብቷን እስክጀምርላት።

[ግሌኒስ መጻፏን ታቆማለች።]

ግሌኒስ፦ በየሳምንቱ አንዲት ነርስ ብትመጣና ብትጠይቅዎት በር ይከፍቱላታል?

ዊልፍሬድ፦ በትክክል ካልጠየቀችኝስ?

ግሌኒስ፦ ያርሟታል።

ዊልፍሬድ፦ ...እከፍትላታለሁ።

ግሌኒስ፦ የድሮ መታወቂያዎን ግን ለእኔ ይሰጡኛል። ሹፌሩንም ይተዉታል።

ዊልፍሬድ፦ ሹፌሩን ማንም አይከታተለውም ማለት ነው?

ግሌኒስ፦ ተሳፋሪዎቹ አሉ።

[ዊልፍሬድ መታወቂያውን ከአንገቱ አውልቆ ይሰጣታል። ግሌኒስ ስልኳን ታወጣለች።]

ግሌኒስ፦ ዶክተር፣ ግሌኒስ ነኝ... አዎ፣ አየኋቸው... አልፈርምም... አይ፣ አልረሳሁም። አልፈርምም ነው የምለው... እሺ ዶክተር... እሺ... እሺ፣ ይቆጡ። አልፈርምም።

[ስልኩን ትዘጋለች። መስኮቱን ከፍታ የአምቡላንሱን ሰዎች በእጇ ታሰናብታለች። አምቡላንሱ ይሄዳል።]

ዊልፍሬድ፦ ሦስት ጊዜ እሺ አልሽው።

ግሌኒስ፦ ልማድ ነው።

ዊልፍሬድ፦ ቆይ። ምን አደረግሽ አሁን?

ግሌኒስ፦ ቤትዎ ይቆያሉ አልኩ።

ዊልፍሬድ፦ በምን ምክንያት?

ግሌኒስ፦ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ማንንም አልጎዱም፣ ነርሷን ይቀበላሉ። ብቸኝነት ነው ያለብዎት። ለሱ በር አይቆለፍም።

ዊልፍሬድ፦ ይሄ ደካማ ነው። አውቶቡስ አስቁሜያለሁ እኮ። ፖሊስ ተጠርቷል። ሁለት ዶክተር ጽፏል። አምቡላንሱ በር ላይ ነበር። ይሄ ሁሉ እያለ እንዴት ትተዪኛለሽ?

ግሌኒስ፦ መግባት ይፈልጋሉ እንዴ?

ዊልፍሬድ፦ አልፈልግም። ሥራው ግን በሥርዓት ይሠራ ነው የምለው።

ግሌኒስ፦ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ሚስተር ሃርግሪቭ። እርስዎ ሰው ይዘው ሲመጡ ያኔ የዋርዱን በር የምከፍትልዎት እኔ ነበርኩ።

ዊልፍሬድ፦ አስታውስሻለሁ። ቁልፉ ሁልጊዜ ይጠፋብሽ ነበር።

ግሌኒስ፦ ዶክተሮቹ ጽፈው፣ እርስዎ ሄደው አይተው፣ እምቢ ብለው ቤቱ የተዉት ሰው ነበረ?

[ዊልፍሬድ ጣሪያውን ያያል። ወለሉን ያያል።]

ዊልፍሬድ፦ ያን ጊዜ የሆስፒታል አልጋ እንደልብ ነበር።

ግሌኒስ፦ እሺ።

ዊልፍሬድ፦ እምቢ ልል ያሰብኩባቸው ጊዜያት ነበሩ። ብዙ ናቸው።

ግሌኒስ፦ እሺ።

ዊልፍሬድ፦ ለምሳሌ የዛሬው ጉዳይ ግልጽ ነው። እዚህ ወንበር ላይ እኔን የመሰለ ሰው ቢያጋጥመኝ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ፈርሜ ነበር።

ግሌኒስ፦ [ኮቷን እየለበሰች] ታዲያ እግዜር ይስጣቸው ማለት ነው።

ዊልፍሬድ፦ ማንን?

ግሌኒስ፦ ሕጉን የለወጡትን።